በሁለት መዝጊያ መካከል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የተጓዘ ሁሉ ኮሶዬን ያውቃታል፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ መኪናውን አስቁሞ ከአፋፉ ላይ ቆላውን ቁልቁል የማያይ መንገደኛ ጥቂት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ዘመድ ልጠይቅ እዚያ ሰንብቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የምታመለክትበት የመጨረሻ ቀን ደርሶባት ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች አገኘኋት። የመምህሯ የድጋፍ ደብዳቤ የተላከላት በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ በተነሣው የጳጳሳት ሹመት ውዝግብ ሰሞን፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ፣ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ተዘግቷል። ቪፒኤን ስትከፍት ደብዳቤው ይመጣል። ወደ ማመልከቻው ድረ ገጽ ስትሻገር ግን በቪፒኤን የመጣን እንግዳ አያስገባም። መጀመሪያ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጪ አላት (በኮሶዬ የትራፊክ መብራት የለም)፤ መረጠች። ድገሚ አላት፤ ደገመች። በመጨረሻ ዘጋባት።

«ጋሼ፣ ሰው መሆኔን እኮ አላመነም!» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልዘለቀም። አንደኛው በር ጭንብል ካላጠለቅሽ አታልፊም ይላታል፤ ሌላው ጭንብልሽን ካላወለቅሽ አትገቢም ይላታል።

ጭንብሉ የትናንት አይደለም። ከምርጫ 97 ማግሥት፣ በ1998 ዓ.ም. ብሎጎች ሲታገዱ ብዙዎቻችን ፕሮክሲ የሚሉትን ነገር በግድ ተማርን። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው መሸሸጊያ ራሱ ተዘጋ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ሲከሰሱ ደግሞ፣ የኮምፒውተር መረጃን ከሰላይ ዐይን የመጠበቅ ሥልጠና እንኳ በክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» የሚል ሰው ወይ የዋህ ነው፣ ወይ ጠያቂው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ የበሩን ዘበኛም አውቀዋለሁ፤ እኔም ዘበኛ ነኝና። የአንድ የተወላጆች ማኅበር ድረ ገጽ በእጄ ነው። የአባላት መመዝገቢያ ቅጹ በየሌሊቱ በቁማርና በመድኃኒት ማስታወቂያ ይሞላ ነበር። አይፈለጌ መልእክቱን የሚልከው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ስለሆነ አይደክመውም። ከየት እንደሚመጣ ብመረምር አብዛኛው በቪፒኤን ድርጅቶች ሰርቨር በኩል ሆኖ አገኘሁት። በአንድ የአይፒ አድራሻ ብዙ ሰው ይተላለፋል፤ አንዱ ሲያጠፋ ከበሩ ላይ የሚታየው የሁሉም አድራሻ ነው። ተናድጄ በጅምላ ዘጋሁ። ጎርፉ ቆመ፤ እኔም ተኛሁ። ስንት ሰው ተመልሶ እንደሄደ የነገረኝ የለም፤ በር የተዘጋበት ሰው በየት በኩል አቤት ይላል? ኮሶ የሚጠጣው ትሉ ያለበት ሰው ነው፤ እኔ ግን መንደሩን ሁሉ አጠጣሁት።

ማንም እንዲያርመው ተብሎ የተመሠረተው ዊኪፔዲያ እንኳ በቪፒኤን የመጣን ሰው እንዲያነብ እንጂ እንዲያርም በአብዛኛው አይፈቅድም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የታገደ አጥፊ አድራሻ ቀይሮ እንዳይመለስ ነው። የታወቀ ተሳታፊ ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ለመታወቅ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አዲስ መጤውስ ከየት ይጀምር? ከአድራሻው ይልቅ አድራጎቱን መመርመር ይቻላል፦ የአዲስ ሰው የመጀመሪያ ጽሑፍ በሰው ዐይን እስኪታይ ማቆየት፣ በአንድ ሰዓት የሚላከውን መጠን መገደብ... ሥራ ይበዛል፣ አውቃለሁ። እኔ የዘጋሁት ግን ሌላ መንገድ አጥቼ አልነበረም፤ ስለ ሰነፍሁ ነው።

የእህቴ ልጅ ደብዳቤውን በቪፒኤን አውርዳ፣ ቪፒኤኑን አጥፍታ፣ ቅጹን ከመጀመሪያው እንደገና ሞልታ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ላከች። ለትምህርት ማመልከቻ ጭንብል ማውለቅ ብዙ አያስከፍልም፤ በዚያው ሳምንት ስለ ሲኖዶሱ ውዝግብ ይጽፍ ለነበረ ሰው ግን ዋጋው ሌላ ነው። ቴሌግራምም ከአምስት ወር በኋላ ተከፈተ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ደግሞ የቪፒኤን ነገር ወሬውም ቀረ።

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ የማኅበሩን ድረ ገጽ እገዳ አነሣሁ። በማግሥቱ 43 የቁማር ማስታወቂያና አንድ ምዝገባ ጠበቀኝ። ማስታወቂያውን በእጄ ስሰርዝ ረፈደብኝ።