በሆሳዕና ጣራዎች ሥር

በበልግ ወራት ከአዲስ አበባ ተነስተን በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕና ስናመራ ዓይናችንን የሳበው የቤቶቹ ክዳን ነበር። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ከከተማው ወጣ ሲሉ በእንሰት የተከበበው ክብ የሳር ጎጆ አሁንም ይታያል። ከጎኑ ግን የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂት የማይባሉት ደቡብ አፍሪካ ሄደው የሚሠሩ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩ ናቸው።

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ስንጓዝ አንጋጫ አካባቢ አንዲት እናት በእንግድነት ተቀበሉን። ቡናው እየተፈላ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያውም በረዶ ወረደ። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው እንኳ መስማት አልቻልንም። ጥቂት ቆይቶ ውኃ በግድግዳው ላይ ይወርድ ጀመር። እናታችን የእህሉን ጆንያ ለማንሳት ተጣደፉ፤ እኛም አገዝናቸው።

«ልጄ ስድስት ዓመት ለፍቶ ያሠራልኝ ቤት ነው። እንዳያዝን ብዬ ማፍሰሱን አልነገርኩትም» አሉን።

ዝናቡ ሲያባራ የተጠሩት አናጢ መሰላል አቁመው ጣራውን አሳዩን። ጥፋቱ የቆርቆሮው አልነበረም። እንጨት ለመቆጠብ ሲባል ጣራው ተዳፋት እንዲያንሰው ተደርጓል። በረዶው በአሸንዳው ውስጥ ተከምሮ መውረጃውን ስለ ደፈነው ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ቆርቆሮዎቹ በተደራረቡበት ሥር ገብቷል። ሚስማሩም ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ ተመትቷል፤ መመታት የነበረበት ከፍ ባለው እጥፋት ላይ ነበር።

ጣራ በጠፍጣፋ ድንጋይ በሚከደንባቸው የአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮችም ተመሳሳይ ችግር አለ። የቤቱ ሙቀት ጣራው ላይ የተከመረውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል። ውኃው ቀዝቃዛው የጣራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይረጋና እንደ ግድብ ይሆናል፤ ከኋላ የሚመጣውም ወደ ቤት ይገባል። አገሩ ቢራራቅም መሄጃ ያጣ ውኃ ጠባዩ አንድ ነው።

አባቶቻችን ጎጆ ሲሠሩ ይህን ያውቁ ነበር። የሳር ክዳኑ ሾጣጣ ነው፤ አሸንዳም የለውም። በረዶው ሳይከማች ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። እንግዲህ ቆርቆሮ ስናለብስ ተዳፋቱን መተው የለብንም። ክረምት ሳይገባ አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር ማጽዳት፣ የላላውንም ሚስማር ጎማ ባለው መለወጥ ይገባል። ገንዘብ የሚልክ ልጅ የቆርቆሮውን ዋጋ ይጠይቃል እንጂ ከሩቅ ሆኖ ተዳፋቱን ሊያይ አይችልም። ሥራውን መከታተል የቅርብ ወንድምና የጎረቤት አደራ ነው።

አናጢው ኢንሻአላህ ከሰኔ በፊት ሊያስተካክሉት ቃል ገቡ። እኛም እናታችንን ለልጃቸው እንዲነግሩት መከርናቸው። ጥቂት አሰቡና ስልካቸውን ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጥተው፦ «ደውልልኝ፤ ቆርቆሮው ደኅና ነው፣ የሚያፈሰው በአሸንዳው ነው እለዋለሁ» አሉ።