አንድ ለሰማንያ ሰባት

የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ነው፤ የእናቴ ሰዓትም የጣቢያው ጡሩምባ ነበር። ከዓመታት በፊት ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች ሕይወት አንድ ተውኔት ጽፌ ለመድረክ በቅቶልኛል። በዚህም የተነሣ ስለ ባቡር የሚነገረውን ሁሉ ተናግሬ የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ያፈረሰው፣ አንባቢ ይደነቅ ይሆናል፣ ርዝመቱ ከስንዝር የማይበልጥ መጫወቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ጀርመን ነው። ለተውኔት ንባብ ተጋብዤ በሄድሁበት ጊዜ ያስተናገዱኝ ሰው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። የቤታቸው ምድር ቤት በሀዲድ፣ በድልድይና በዋሻ ተሞልቷል። ሽማግሌው መብራት አብርተው አንዷን ሎኮሞቲቭ ሲያስነሡ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርሁ። የተማረ ሰው፣ ያውም በሰባ ዓመቱ! ሳቄን አይተውታል፤ ነገር ግን አልተቀየሙኝም። በማግስቱ ወደ ጌፒንገን ይዘውኝ ሄዱ።

ጌፒንገን ከሽቱትጋርት ወደ ኡልም በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ቆርቆሮ ሠሪው ቴዎዶር ፍሪድሪሽ ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1859 ሥራ ሲጀምር ስለ ባቡር አላሰበም፤ የሚሠራው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የማዕድ ቤት ዕቃ ነበር። ባለቤቱ ካሮሊን ዕቃውን ይዛ እየዞረች ትሸጥ ነበር። ባሏ ከሞተም በኋላ ሥራው በእርሷ ብርታት ቆየ። (የእርሷ ታሪክ ለመድረክ የሚበቃ ይመስለኛል።) በ1891 ድርጅቱ በላይፕሲክ የንግድ ትርዒት ላይ በቁልፍ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ባቡር ከነሀዲዱ አቀረበ። ታላቁ ነገር የሀዲዱ ስፋት በቁርጥ ልክ መወሰኑ ነበር። ዛሬ ባቡሩን የገዛ ልጅ በሚመጣው ዓመት አንድ ፉርጎና ጥቂት ሀዲድ ቢገዛ ከፊተኛው ጋር ይገጥምለታል። መጫወቻው የማያልቅ ሆነ።

ዛሬ በሰፊው የተለመደው ልክ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው። 1,435 ሚሊሜትር የሆነው የዓለም መደበኛ ሀዲድ በዚህ ሲካፈል 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ከሰባ አራት የሚረዝም ሰው ደግሞ ልክ ሁለት ሳንቲሜትር ይወጣዋል። አባቴ ያን ያህል ነበር።

ሽማግሌው አሠራሩን ሲያስረዱኝ እንደ ጥሩ መምህር ከመጨረሻው አልጀመሩም። መጀመሪያ የፋብሪካው የጥንት ንድፍ ከመዝገብ ቤት ይፈለጋል፤ ፎቶግራፍ ይሰበሰባል፤ ሎኮሞቲቩ በሕይወት ካለ ሄዶ ይለካል። ከዚያም ንድፉ በኮምፒዩተር ተሠርቶ የብረት ፎርማ ይቀረጻል። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው በዚህ ፎርማ ላይ ነው፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚበላው እርሱ ሲሆን አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ስሕተቱን ማረም እጅግ ይከብዳል። አካሉ ከፕላስቲክ ወይም ከዚንክ ቅይጥ በግፊት ይፈስሳል፤ ዚንክ የሚመረጠው ክብደት ስለሚሰጥ ነው፤ ክብደት የሌለው ሎኮሞቲቭ ፉርጎ አይጎትትምና። ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባ ግን ከዓመታት በኋላ ብረቱ ከውስጥ እየተሰነጣጠቀ እንደ ብስኩት ይፈረፍራል። ቁጥሩና ጽሑፉ ቀለም በነካ ለስላሳ ሲሊኮን እየታተመ ይለጠፋል፤ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጠው ፊደል ሁሉ ይነበባል። እጀታዋንና መወጣጫዋን የሚገጥመው ግን ዛሬም የሰው እጅ ነው።

አዲሶቹ ሥራዎች በየዓመቱ በአውሮፓ ክረምት በኑረምበርግ የአሻንጉሊት ትርዒት ይታወጃሉ። ሰውየው ካታሎጉን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የታወጀው ዕቃ እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠበቃል። የፎርማው ወጪ የሚመለሰው ገዥ ሲበዛ ብቻ ስለሆነ አንዱ ፎርማ በቀለምና በቁጥር እየተለወጠ ደጋግሞ ይወጣል፤ ወዳጅ የሌለው ሎኮሞቲቭ ግን ሳይታወስ ይቀራል። ዝነኛው ፋብሪካ ራሱ 150ኛ ዓመቱን በያዘበት በ2009 ለዕዳ አስተዳደር ተዳርጎ ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ዛሬም ይሠራል።

በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «የአባትዎን ሎኮሞቲቭ የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። እኔ ግን በእጄ ልሠራት እችላለሁ። ሀዲዳችሁ አንድ ሜትር ነው አይደል? ለእርሱ 12 ሚሊሜትር አለን። የጎን መስኮቷ ስንት ነው?»

ዝም አልሁ።

«መንኰራኩሯስ?»

ተውኔቴ ውስጥ ሎኮሞቲቭ ታቃስታለች፣ ትቆጣለች፣ እንደ እናት ትጣራለች። መስኮቷን ግን ቆጥሬ አላውቅም። በቦርሳዬ የነበረውን አንድ ፎቶግራፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባቴ ቱታውን ለብሶ ከሎኮሞቲቩ ፊት ቆሟል። ሽማግሌው በማጉያ መነጽራቸው ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና በትሕትና፣ «አባትዎ የቆሙት ቁጥሯ ላይ ነው» አሉኝ።

አገር ቤት እንደ ተመለስሁ ሜትርና ደብተር ይዤ ድሬዳዋ ወረድሁ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የዚያ መስመር የጥገና ሥፍራ ዛሬም ከነአሮጌ ማሽኖቹ አለ። የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ አንድ መካኒክ ከበሩ ተቀበሉኝ።

«ጋሼ፣ ልለካት ነው የመጣሁት» አልኋቸው።

«ልትገዛት ነው?» ብለው ሳቁ። ስነግራቸው ግን ሳቁን ትተው የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ ለካን። እርሳቸው ሳያዩ የሚያውቁትን ቡሎን እኔ በእጄ እየዳሰስሁ ጻፍሁ። መንኰራኩሩን ስቆጥር ተውኔቴ ውስጥ ሁለቱን እንዳጎደልሁ ተረዳሁ። ሊቃውንቱ ሃያሲዎች አንዳቸውም አላዩትም፤ ጋሼ ግን ለካ የመጀመሪያውን ምሽት ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠው አይተውታል።

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለ አባትህ ነበር እኮ የምትናገረው፤ ስለ እርሷ መች ተናገርህ?»

የቀረው ቀለሟ ነበር። ጋሼ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ከበሩ ሥር ጥቂት ፋቁ። ከላይኛው ቀለም ሥር ሌላ ቀለም ወጣ፤ ከእርሱም ሥር ሌላ።

«የየትኛውን ዓመት ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

የጀርመኑ ሽማግሌም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ዘመኑ ያልታወቀ ባቡር ከሀዲድ ላይ አይወጣም። አባቴ ብብቴን ይዞ ወደ ነጂው ክፍል ያወጣኝ በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዓመቱን ስነግራቸው ጋሼ ጎንበስ ብለው ሰንጢውን እንደ ገና አስገቡት።