«እንደ ተለመደው» ብለን ስለ ጻፍናት ቃል

በዚህ ዘመን በብዙ ክርስቲያን ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ አለ። ወላጆቹም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሳያጠፋ ሲሠራ ሲያዩት፥ ትምህርቱ ከሰው ጋር መነጋገርን የማይጠይቅ፥ ብቻውን ከመኪና ጋር የሚታገልበት ይመስላቸዋል። እኛም ወደዚያ ትምህርት ስንገባ እንዲሁ ይመስለን ነበር። በጽሕፈት የሚደክሙት የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ናቸው፤ ለእኛ ግን ቍጥርና ትእዛዝ ማወቅ ይበቃናል እንል ነበር። ይህ አሳባችን ከንቱ መሆኑን የተረዳነው በአንዲት ሕፃን የጥምቀት መዝገብ ምክንያት ነውና፥ ነገሩን እንደ ሆነው ለአንባቢዎቻችን ልናጫውት ወደድን።

በ2016 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ዓመት ስንማር፥ በትምህርቱ ደንብ መሠረት ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ሶፍትዌር ሠርተው ማስረከብ ነበረባቸው። እኛና አራት ጓደኞቻችን አንድ ቡድን ሆንን። ከአምስታችን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ሥራችንም በአንድ ደብር ያለውን የክርስትና መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ማግባት ሆነ። መዝገቡን የሚጠብቁት አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። የሕፃኑን ስም፥ ስመ ክርስትናውን፥ የወላጆቹን ስም፥ የክርስትና አባቱን ወይም የክርስትና እናቱን፥ የልደቱንና የጥምቀቱን ቀን በቁም ጽሕፈት እያስተካከሉ ይጽፋሉ። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን እንደሚጠመቁ፥ ሕፃኑ ታሞ ለሞት ቢያሰጋ ግን ቀን ሳይጠበቅ እንደሚጠመቅ፥ ይህም በመዝገቡ ዳር ምልክት እንደሚደረግለት ነገሩን። እኛም ሰምተን «ገብቶናል» ብለን ወጣን።

ከዚያም ስለምንሠራው ሥራ 40 ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀን። ቃሉ ትልልቅ፥ ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነበር። መምህራችን ቀይ ብዕር ይዘው አነበቡት። አባቶቻችን በብራና ላይ ቀይ ቀለም የሚያኖሩት ለአምላክ፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ክብር ነበር፤ ለእኛ ግን ቀዩ ቀለም የመጣው ለኀፍረታችን ነው። «መዝገቡ ቀልጣፋ፥ ዘመናዊና አስተማማኝ ይሆናል» ባልንበት ዳር ላይ «በስንት ሰኮንድ?» ብለው ጻፉበት። «ተጠቃሚው መረጃውን ማስገባት ይገባዋል» ባልንበት ላይ ደግሞ «ባያስገባስ?» ብለው ጠየቁ። እኛም ነገሩን እንደ ምቀኝነት ቈጠርነው። በኋላ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 የኢንተርኔትን ደንብ የሚጽፉ ሊቃውንት «ግድ ነው»፥ «ይገባል»፥ «ይቻላል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የሚወስን አጭር ጽሑፍ ማውጣታቸውን አሳዩን። ለሦስት ቃላት ይህን ያህል የተጨነቁት፥ ጽሑፉን የሚያነቡት በዓለም ዳርቻ ያሉ፥ እርስ በርሳቸው የማይተያዩ ሠራተኞች ስለ ሆኑ ነው።

የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያሰፉት መስማት እጅግ ደስ ያሰኛል፤ የቃሉ ባለጠግነት በዚያ ይታወቃል። ለሠራተኛ የሚጻፍ ትእዛዝ ግን «አንድም» የተገኘበት እንደ ሆነ፥ አንዱ በአንዱ ትርጓሜ፥ ሌላው በሌላው ትርጓሜ ይሠራና ሥራው ሁለት ይሆናል። ፍሬድ ብሩክስ የሚባለው አሜሪካዊ፥ አይቢኤም ለተባለው ኩባንያ ትልቅ የኮምፒዩተር ሥራ የመራ ሰው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የባቢሎን ግንብ ስለ ምን እንደ ቀረ ይጠይቃል። ጭቃም፥ ሰውም፥ ጊዜም ነበራቸው፤ የጐደላቸው መግባባት ነው ይላል። ደግሞም አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቢነጋገሩ 10 መንገድ፥ አሥር ሰዎች ቢሆኑ 45 መንገድ ይሆናልና፥ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ያስተምራል። እኛ ይህን ለፈተና አጠናነው፤ በፈተናውም መልካም ነጥብ አገኘንበት።

ጽሑፋችንን አርመን በምናስረክብበት ዋዜማ፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፥ ስለ ቀን አመዘጋገብ የሚናገረው ክፍል ገና አላለቀም ነበር። እንቅልፍም ስለ ከበደ በዚያ ስፍራ «የወሮች ዝርዝር እንደ ተለመደው ይደረደር» የምትል አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ገባች። አምስታችንም በሽፋኑ ላይ ፈረምን፤ ያን ሌሊት ማንም መልሶ አላነበባትም።

የቀን መጻፊያውን ክፍል የምትሠራው ከሁለቱ እኅቶቻችን አንደኛዋ ነበረች። ከውጭ አገር የተሠራ ዝግጁ የቀን መምረጫ አገኘችና፥ በ12ቱ ሳጥኖች ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉትን ስሞች ጻፈችባቸው። ጳጕሜን ስፍራ አጣች። እርሷም ይህን አላየችም አይደለም፤ «እንደ ተለመደው» የተባለው ይህ ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት መምረጫ ይሆናል፥ ለጳጕሜንም ከጓደኞቼ አንዱ በሌላ በኩል ስፍራ አዘጋጅቶ ይሆናል ብላ አለፈች። ሌላው ጓደኛችን 40ና 80 ቀን የሚቈጥረውን ክፍል ሠራ። ሁሉም የየራሱን ሲፈትን ደኅና ነበር።

በግንቦት ወር መዝገቡ ለሙከራ ወደ ደብሩ ገባ፤ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣትም ከብራናው ሳይሆን ከወረቀቱ መዝገብ እያየ ይገለብጥ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ስለ ሆነች፥ የልጇን የክርስትና ምስክር ወረቀት ልትወስድ መጣች። እኛም ሥራችን ፍሬ አፍርቶ ለማየት ጓጕተን በዚያ ቆመን ነበር። ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። እናቲቱ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ዳግመኛም አነበበችው።

«መሪጌታ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «እኔ ልጄን የወለድኋት በሩፋኤል ዕለት ነው። የጎረቤት ልጆች በዝናቡ ሲጠመቁ ጫጫታቸው እስከ መኝታዬ ይሰማ ነበር። ይህ ወረቀት ግን በዕንቍጣጣሽ ተወለደች ይላል። ክርስትና የተነሣችውም በኪዳነ ምሕረት፥ በዕለተ እሑድ ነው፤ ይህ ኅዳር 20 ይላል።»

መሪጌታ የወረቀቱን መዝገብ ገለጡ። በእጃቸው የጻፉት እንደዚህ ነበር፦ ልደት ጳጕሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ጥምቀት ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጕሜን 6 ቀን ነበረች፤ ከልደቷ ጀምሮ ቢቈጠር በጳጕሜን 4 ቀን፥ በመስከረምና በጥቅምት 60፥ በኅዳር 16፥ ድምሩ 80 ይሆናል። መዝገቡን የገለበጠው ወጣት ተጠራ። ጳጕሜንን ፈልጎ ባጣ ጊዜ ቅርብ የሆነውን መስከረም 1 ቀንን መምረጡን ነገረን። ኮምፒዩተሩም ከመስከረም 1 ጀምሮ ሲቈጥር ኅዳር 16 ገና 76ኛ ቀን ሆነበትና «80 አልሞላም» ብሎ እንቢ አለ። ወጣቱ ምን ያድርግ! እስኪቀበለው ድረስ ቀኑን ወደ ፊት እየገፋ ኅዳር 20 ላይ አቆመው። በእኛ ብልሃት ምክንያት የአንዲት ሕፃን የልደትና የጥምቀት ቀን፥ ሁለቱም በሐሰት ተጻፉ።

መሪጌታ አልተቈጡም። ያን 40 ገጽ ጽሑፋችንን አስመጡና ስለ ቀን የሚናገረውን ስፍራ እንድናነብላቸው ጠየቁ። አነበብንላቸው። «ልጆቼ» አሉን፤ «እንደ ተለመደው ያላችሁት በማን ልማድ ነው?»

መልስ አልነበረንም። በዚያው ማታ ግን በመካከላችን ታላቅ ክርክር ተነሣ። የወቀሳው ቃል ሁሉ የቀን መጻፊያውን በሠራችው እኅታችን ላይ ወረደ፤ ኢትዮጵያዊት ሆና ጳጕሜንን እንዴት ትረሳለች ተባለች። ከሁሉ ይልቅ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የተናገርነው እኛ ነበርን። እርሷ ራሷን አቀርቅራ ሰማች እንጂ አንድ ቃል አልመለሰችም።

በሥራችን ጊት የሚባል መሣሪያ ነበረን። ይህን መሣሪያ ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 የሠራው ነው፤ በቡድን የሚጻፈውን ሁሉ እያንዳንዱን መሥመር ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ጻፈው ያስታውሳል። ይህን ለማየት የሚሰጠው ትእዛዝ «ብሌም» ይባላል፤ በአማርኛ ወቀሳ ማለት ነው። ክርክሩ ካበቃ በኋላ፥ በጓደኛችን ላይ የተጻፈ ማስረጃ ልናወጣ ብለን ያን ትእዛዝ በጽሑፋችን ላይ ሰጠን። «እንደ ተለመደው» ከምትለው መሥመር አጠገብ የወጣው ስም የእኛ የራሳችን ስም ነበር፤ ሰዓቱም ሌሊት 7 ከ12 ደቂቃ ይላል። መጻፋችንን ፈጽመን ረስተነው ነበር።

ሁለት ቀን ዝም አልን። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ዝም ያልንበትን ጊዜ ካላነሣን የቀረውን መናገራችን ምን ይጠቅማል? ማንም ሌላ ያን ትእዛዝ አይሰጥም፥ ፈተናውም ቅርብ ነው፥ እርሷም ነገሩን ተቀብላዋለች እያልን ራሳችንን ስናታልል ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ሁሉም በተሰበሰቡበት ዐረፍተ ነገሯን የጻፍነው እኛ መሆናችንን ተናገርን፤ እኅታችንንም ይቅርታ ጠየቅን።

እርሷም «ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ እኔም ያን ትእዛዝ ሰጥቼ ነበር» አለች። ስለ ምን ዝም አለች ብንላት፥ «መጀመሪያ ሳነባት አልገባችኝም ነበር። መጠየቅ ሲገባኝ ደካማ እንዳልመስል ብዬ ገመትሁ። ጥፋቱ የእኔም ስለ ሆነ ስማችሁን ማንሣት ከበደኝ» አለችን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የሚባለው የአሜሪካ መንኰራኵር ወደ ማርስ ደርሶ የጠፋው፥ አንዱ ወገን ኃይልን በእንግሊዝ ልክ፥ ሌላው በሜትር ሥርዓት ልክ ስለ ቈጠረ ነው። ይህን ታሪክ ቀድሞ በክፍል ስንሰማ ሥቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሥራችን ልማድ ተለወጠ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ጮኾ ያነበዋል፤ ካነበበም በኋላ «እኔ በዚህ ቃል የምሠራው ይህን ነው» ብሎ መልሶ ይናገራል። ጸሐፊው ዝም ብሎ መስማት አለበት፤ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ማለት አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ሕፃናት የፊደል ንባብ ሆኖ አሳፈረን። በዚህ መንገድ ግን አምስት ገጽ ስናነብ ዐሥራ አንድ ስፍራ አሳባችን ተለያይቶ ተገኘ። ያቺም ዐረፍተ ነገር ተሰርዛ በስፍራዋ እንዲህ ተጻፈ፦ የወሮች ቍጥር ከመስከረም እስከ ጳጕሜን 13 ነው፤ ጳጕሜን በዘመነ ሉቃስ 6፥ በሌሎቹ ሦስት ዘመናት 5 ቀን አላት። ቃሉ አያምርም፤ መምህራችን ግን ምንም ቀይ አልነኩትም።

ፈተናው ሳይደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ በደብሩ ተቀምጠን ኮምፒዩተሩን ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አስተያየን። በመስከረም 1 ቀን የተወለዱት ሕፃናት ከመጠን በላይ በዝተው ነበር። ከእነርሱም ሌላ ስድስት የጳጕሜን ልጆች አግኝተን ቀናቸውን መለስንላቸው። እኅታችን ታነባለች፥ እኛ እንጽፋለን፥ መሪጌታም መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መሥመሩን ይከተላሉ።

ያቺ እናት ልትሄድ በዋዜማው ተመልሳ መጣች። አዲሱን ወረቀት እንደ ቀድሞው በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ጳጕሜን 3 ከሚለው ላይ ስትደርስ ጥቂት ቆየች። ከዚያም አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና፥ ልጇን አዝላ መሪጌታን ተሳልማ ሄደች።