ካማሺ በዘጠኝ ባይት

ካማሺ ስንት ፊደል ነው ቢባል ፊደል የቆጠረ ሕፃን ሁሉ ሦስት ብሎ ይመልሳል። ካ፣ ማ፣ ሺ። ኮምፒዩተር ቢጠየቅ ግን ዘጠኝ ነው ይላል። እንዲያውም እሱ ቃሉን አያውቀውምና ቁጥር ብቻ ይደረድራል፦ 225፣ 138፣ 171፤ 225፣ 136፣ 155፤ 225፣ 136፣ 186። እነዚህ ቁጥሮች ባይት ይባላሉ። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ካለው ቁጥር አንዱን ብቻ ይይዛል። ጽሑፍ በሽቦ ይምጣ በአየር፣ ከዲስክ ይምጣ ከስልክ፣ ወደ ማሽን የሚገባው እንዲህ ተራ በተራ ተሰልፎ ነው። ፊደል የሚሆነው ከገባ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ “ይህ የፕሮግራመሮች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። እኔም ብሆን የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በብዕሬ የማድር እንጂ የማሽን ሰው አይደለሁም። ወደዚህ ነገር የገባሁት በሰው ስም ምክንያት ነው።

ካማሺ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአባይ በስተደቡብ ያለ አገር ነው፤ ከተማውም ወረዳውም ዞኑም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞንና በወለጋ አዋሳኝ ቦታዎች በተነሣው ግጭት በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰው ሲሸሽ ልጁን ያዝላል፣ ከብቱን ይነዳል፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ፍለጋ ወደ ሣጥን የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ሰላም ሲመለስ፣ ልጁም አድጎ ሥራ ሲጠይቅ፣ “ወረቀትህስ?” ይባላል።

እዚያ የሚያስተምሩ አንድ የማውቃቸው መምህር አሉ። ወረቀት የጠፋባቸውን ተማሪዎች ከአሮጌ የእጅ ጽሑፍ መዝገብ እየለቀሙ፣ ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት እያደረጉ በስልካቸው ጻፉ። ኔትወርክ የሚገኘው ሌሊት ነውና ሌሊት ሌሊት እየነሡ ስሙን ለማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ላኩ። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩን የሚቀበል ፕሮግራም አሠርቷል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የታተመው ዝርዝር ተመልሶ መጣላቸው፤ እሳቸውም ፎቶውን አንሥተው ለእኔ ላኩልኝ። “ወንድሜ፣ አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ይህን አንብብልኝ” ይላል ከሥሩ።

አነበብኩት። በአንዱ መስመር ላይ የትውልድ ቦታ “ካማ” ይልና ቀጥሎ ጥያቄ ምልክት የታቀፈ ጥቁር ባለ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ሌሎች ጥያቄ ምልክቶች አሉ። ሺ የለችም። ወረድ ስል የአንዲት ልጅ የአባት ስም መካከሉ ላይ እንደዚሁ ተበልቷል። ከሁሉ የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ፣ ከመጨረሻው ልጅ ቀጥሎ፣ ከአንድ ስም ወገብ የጀመረ ቁራጭ መስመርና ቀደም ብለው የታተሙ ሰባት ልጆች እንደገና ተጽፈዋል። ሰባት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተወልደዋል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ “ስሕተቱ ከላኪው ነው” ብሎ ደምድሟል። መምህሩ የላኩትን ፋይል ግን እኔም አይቼዋለሁ፤ እንደ ታጠበ ስንዴ ንጹሕ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ኮምፒዩተር ሳይንስ ትማራለች። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ደግ ሰው ኖሮ ኮዱን ላከልን፤ ቋንቋው ጃቫ ነው። ልጅቷ ቡናው ሁለተኛ ሳይወርድ አንብባ ጨረሰችውና ሳቀች። “ጋሼ፣ ሰውዬው የቁናውን ልክ እንጂ የሰፈረውን አልቆጠረም” አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃቫ የባይት መግቢያው ቦይ ኢንፑትስትሪም ይባላል። ፕሮግራሙ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባዶ ቦታ ያሰናዳል፤ በፈር ይሉታል። ይህ ፕሮግራም ያሰናዳው 1024 ባይት የሚይዝ ነበር። ከዚያ “ሪድ” ብሎ ያዛል፤ ባይቶቹ ከቦዩ ወደ በፈሩ ይፈስሳሉ። ትእዛዙ ሲፈጸም የሚመልሰው አንድ ቁጥር ነው፦ ስንት እንደ ገባ። 1024 ሊሆን ይችላል፤ 300 ሊሆን ይችላል፤ አንድም ሊሆን ይችላል። ቦዩ ሲነጥፍ -1 ይመልሳል። “እሞላልሃለሁ” ያለ የለም፤ የተገባው ቃል “ያገኘሁትን ያህል አስገብቼ ልኩን እነግርሃለሁ” የሚል ብቻ ነው።

ከጎተራ እህል በቁና የሰፈረ ሰው ይህን ያውቃል። የመጨረሻው ቁና ብዙ ጊዜ አይሞላም፤ “ስድስት ቁና ከእርቦ” ይባላል እንጂ “ሰባት” አይባልም። በፈር ግን ከቁናም የባሰ ጠባይ አለው፤ ራሱ አይራገፍም። ከበፊቱ ስፍር የተረፈው እታች እንዳለ ነው። መጨረሻ ላይ 400 ባይት ብቻ ቢገባ፣ የፊተኛው 400 ቦታ አዲስ ይሆናል፤ የቀረው 624 ግን ያለፈው ዙር ነው። የተመለሰውን ቁጥር ሳያይ በፈሩን ከነሙሉው የገለበጠ ፕሮግራም አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ይሰፍራል። ሰባቱ ልጆች ሁለት ጊዜ የተወለዱት እዚያ ላይ ነው።

ይህ ፕሮግራም ሲሠራ አልተሞከረም? በእርግጥ ተሞክሯል። ግን የተሞከረው፣ እንደምገምተው፣ በአዲስ አበባ፣ በፈጣን መስመር፣ ከአንድ በፈር በማይበልጥ አጭር ፋይል ነው። እንዲህ ያለው ፋይል አንዴ ገብቶ ያልቃል፤ የተረፈው ቦታም ገና ባዶ ነውና የሚታይ ነገር አይወጣበትም። ከካማሺ በሌሊት እየተቆራረጠ በሚመጣ መስመር ግን 1024 ለምኖ 211 ማግኘት የወትሮ ነው።

የተበላችው ሺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝም እሱ ነው። የእያንዳንዷ ፊደላችን ልክ ሦስት ባይት ነው። 1024 ለሦስት ሲካፈል 341 ይደርስና አንድ ይተርፋል። ያ የተረፈው አንድ ባይት የሚቀጥለው ፊደል ራስ ነው፤ ሁለቱ ባይቶች ገና በቦዩ ውስጥ አሉ። ፕሮግራሙ ግን በፈሩ በተሞላ ቁጥር ያለውን ወዲያው ወደ ፊደል ይለውጠዋል። ብቻውን የቀረው ባይት ፊደል መሆን አይችልምና ጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር የሚመጡት ሁለቱም ወላጅ እንደሌላቸው ተቆጥረው እያንዳንዳቸው ሌላ ጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። መናኸሪያ ላይ ሦስት ሆኖ የቆመን ቤተሰብ፣ “አንድ ሰው ቀረኝ!” የሚል ረዳት አባትየውን ገፍቶ አስገብቶ በሩን ሲዘጋ እንደ ማለት ነው። ሰዎቹ አልጠፉም፤ ቤተሰቡ ግን ፈረሰ። በአማርኛ ጽሑፍ፣ ክፍት ቦታና መስመር መለያው አንድ አንድ ባይት ቢሆኑም፣ የበፈር ድንበር ከሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ያህል ፊደል መካከል ላይ ያርፋል።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ አይሆንም? የእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ አንድ ባይት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የሚሉትን መለያ ሲያወጡ ቦታው 128 ብቻ ነበር፤ ለእነሱ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የትም ቢቆርጡት ፊደል ላይ አያርፍም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም አንድ ገጽ አማርኛ ሲሰጠው ይሰናከላል። ጃቫ ደግሞ ባይትን የምትቆጥረው ከ-128 እስከ 127 ነው። ልጅቷ ካ የሚለውን ባይት በባይት ስታወጣው -31፣ -118፣ -85 ሆኖ መጣ። የእንግሊዝኛው ፊደል ሁሉ ከዜሮ ወዲህ፣ የእኛው ሁሉ ከዜሮ ወዲያ! በጃቫ መዝገብ ፊደላችን ከነዕዳው ነው የሚገባው ብዬ ቀለድኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

የፊደሉን አጣጣፍ ያወጡትን ሰዎች ግን መውቀስ አልፈልግም፤ እንዲያውም አደንቃቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ራት እየበሉ ዩቲኤፍ-8ን ቀየሱት፤ ንድፉ የተነደፈው በገበታ ወረቀት ላይ ነው ይባላል። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ባይት ተከታዮቹ ስንት እንደሆኑ ራሱ ይናገራል። 225 ማለት “ከኋላዬ ሁለት አሉ፤ ጠብቁን” ማለት ነው። ተከታይ ባይቶችም ተከታይነታቸው ከመልካቸው ይታወቃል። ለሰማው ሰው ሁሉም ነገር ተነግሯል።

ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ እየተባለ ሁሉም የየራሱን ቤት ሠርቶ፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ባቢሎን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ያም ሆኖ ጃቫ እስከ 2022 ድረስ፣ 18ኛው እትም እስኪወጣ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ካልተነገራት የምታነበው በምትሠራበት ማሽን ልማድ ነበር። በብዙ ዊንዶውስ ላይ 225 ጭረት የጫነች የላቲን “አ” ናት፤ አማርኛው ሁሉ በየሦስት ምልክቱ በእሷ እየጀመረ ሲመጣ ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው።

መድኃኒቱም አዲስ አይደለም። ኢንፑትስትሪምሪደር የሚባለው ክፍል ከ1997 ጀምሮ፣ ከጃቫ 1.1 ጋር አለ። ቦዩ ላይ ተቀምጦ ያልተሟላ ፊደል ሲያገኝ የመጣውን ባይት በእጁ ይዞ የቀሩት እስኪደርሱ ይጠብቃል። ልጅቷ እሱን አስገባች፤ የተመለሰውንም ቁጥር ቆጠረች። የነካችው ከአሥር መስመር አይበልጥም።

መምህሩን በስልክ ደውዬ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና፣ “የጉሙዝኛውስ?” አሉ። ልክ ነበሩ። ልጅቷ የተበላሸ መስመር ለማጣራት “በ225 የማይጀምር ሁሉ የእኛ ፊደል አይደለም” የሚል መቆጣጠሪያ ልትጨምር አስባ ነበር። በአማርኛ ይሠራል፤ የዋናው ገበታ ፊደሎች ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የተጨመሩ 32 ፊደሎች አሉ፤ ቦታቸው ሌላ ስለሆነ የሚጀምሩት በ234፣ 172 ነው። የአማርኛ ፊደልን ልክ ብቻ ለክቶ የተሠራ በር በካማሺ የጉሙዙን ልጅ ስም በገዛ አገሩ ውጭ ያስቀረው ነበር። መቆጣጠሪያው ተሰረዘ። ቀጥላ ልጅቷ መፈተኛ አዘጋጀች፤ ካማሺን ከእነዚያ ፊደሎች አንዱ ተጨምሮበት፣ አንድ ባይት ብቻ ከሚይዝ በፈር አንሥታ እስከ አሥራ ሦስት እያሳደገች አስነበበችው። አሥራ ሦስቱም ጊዜ ሙሉውን አወጣ።

መሥሪያ ቤቱ ማስተካከያውን ተቀበለ። የመምህሩም ዝርዝር እንደገና ተላከ፤ ጥያቄ ምልክት የለበትም፤ ሰባቱ ልጆችም ወደ አንድ አንድነታቸው ተመለሱ። የቀረው ቀደም ብሎ በዚያው ፕሮግራም የገባው ነው፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የመጣ፣ የተላከበት ፋይል ያልተቀመጠለት። እዚያ የተበላሸው ፊደል ተመልሶ አይነበብም። ጥያቄ ምልክቱ ራሱ ሲጻፍ ሦስት ባይት ነው፤ 239፣ 191፣ 189፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት። የትኛው ሺ፣ የትኛው ማ እንደነበረ ከእሱ ላይ የሚያውቅ ማሽን የለም። መምህሩ እንግዲህ የየትምህርት ቤቱን የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ከያሉበት እያስፈለጉ፣ ከታተመው ጋር መስመር በመስመር እያስተያዩ ነው። ትናንት ማታ ሲደውሉልኝ አንድ የአባት ስም ላይ ቆመው ነበር፤ ቀለሙ ፈዝዞ መካከለኛዋ ፊደል በ ትሁን ሰ አልለይ ብሏቸዋል። ልጁን የሚያውቅ ሰው ያሶ ወረዳ አለ ተብሏልና ነገ መልእክት ይልካሉ።