የእናት ሐረግ

በልጅነታችን ዘመን አያታችን ማታ ማታ ከእሳት ዳር አስቀምጠው የአባቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ያስቈጥሩን ነበር። ሳንሳሳት የጨረስን እንደ ሆነ ይመርቁናል፤ አንድ ስም የዘለልን እንደ ሆነ ግን እንደገና ከራሳችን ስም ያስጀምሩናል። አንድ ማታ «የእናታችንስ እናት፣ የእርስዋስ እናት ማን ትባላለች?» ብለን ጠየቅናቸው። አያታችን ሁለት ስም ጠርተው ሦስተኛውን ቢፈልጉት አጡት። ርስት በአባትም በእናትም ወገን በሚቈጠርበት አገር ያደጉ ሰው ሆነው ሳለ፣ ከእናት ወደ እናት ብቻ የሚወርደውን ሐረግ ለይቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ያ ከሰው አፍ የጠፋ ሐረግ በእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ ተጽፎ እንደሚኖር የተረዳነው ካደግን በኋላ ነው። ሰውነታችን ሕዋስ በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ በሕዋሱም ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ከዚያ ያነሱ አካላት አሉ። ሥራቸውም በምግባችን ውስጥ ያለውን ኃይል፣ በምንተነፍሰው አየር እየተረዱ፣ ሕዋሱ ሊሠራበት ወደሚችለው ኃይል መለወጥ ነው። የሕዋስ ምድጃ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው የውርስ ጽሑፍ አብዛኛው በሕዋሱ ማእከል ይገኛል፤ እርሱንም ከአባትም ከእናትም እንወርሰዋለን። ሚቶኮንድሪያ ግን የራሳቸው የሆነ አጭር ጽሑፍ አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በካምብሪጅ የሚሠሩ ሊቃውንት ይህን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው 16,569 ፊደል ያህል ርዝመት እንዳለው አስታወቁ።

አሜሪካዊው የዘር ውርስ ተመራማሪ ዳግላስ ዋላስ የሥራ ዘመናቸውን ለዚህች አጭር ጽሑፍ የሰጡ ሰው ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980 ይህ ጽሑፍ በሰው ልጅ ዘንድ ከእናት ብቻ እንደሚወረስ አሳዩ። ወንድም ሴትም ከእናታቸው ይቀበሉታል፤ ለልጆችዋ የምታስተላልፈው ግን ሴቲቱ ብቻ ናት።

ጽሑፍ ሲገለበጥ ደግሞ ስሕተት አይታጣም። አንድ የብራና መጽሐፍ ከደብር ወደ ደብር ሲገለበጥ፣ አንዱ ጸሐፊ የሳታትን ፊደል ከእርሱ የቀዱት ሁሉ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ መርማሪም በዚያች ፊደል የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደ ተቀዳ ለማወቅ ይችላል። ሪቤካ ካንና ሁለት ባልደረቦችዋ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን በ1987 የ147 ሰዎችን ጽሑፍ በዚህ ዓይነት መርምረው፣ ሐረጉ ሁሉ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ምናልባትም በአፍሪካ፣ ከነበረች አንዲት ሴት እንደሚመዘዝ ገለጹ። ይህች ሴት በዘመንዋ ብቻዋን የነበረች አይደለችም፤ የሌሎቹ የእናት ሐረግ በየትውልዱ ሴት ልጅ ሲታጣ እየተቈረጠ ሲቀር፣ የእርስዋ ሳይቋረጥ ደረሰ እንጂ። ዋላስና ባልደረቦቻቸውም የአሜሪካ ጥንታውያን ሕዝቦች ከእስያ ጋር ያላቸውን ዝምድና በዚሁ መንገድ ተከታትለዋል። እኛንም በተመለከተ፣ በ2004 የ270 ኢትዮጵያውያንና የ115 የመናውያን ጽሑፍ ተመርምሮ፣ በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ ከአፍሪካ የወጣውና ከአፍሪካ ውጭ የተስፋፋው የእናት ሐረግ እኩል ለእኩል ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ «ደማችን ከሌላ ያልተቀላቀለ ነው» ብሎ ለመኩራት የሚያስችል ነገር አላገኘንበትም።

ዘመድን የምታስታውቀው ያች የተሳተች ፊደል ግን አንዳንድ ጊዜ ደዌን ታመጣለች። ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም ቴዎዶር ሌበር፣ ጐልማሶች ያለ ምንም ሕመም የዐይናቸው ብርሃን የሚጠፋባቸውን አንድ በሽታ በ1871 ጽፈውት ነበር። መጀመሪያ አንዱ ዐይን ይደክማል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። በሽታው በእናት ወገን እንደሚወርድ ቢታይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ። በ1988 ዋላስና ባልደረቦቻቸው በሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ በ11,778ኛው ስፍራ የተለወጠች አንዲት ፊደል አገኙ። ከ16,569 ፊደል አንዲቱ ብትለወጥ የዐይን ነርቭ ኃይል አጥቶ ይሞታል። ይሁን እንጂ ይህችን ፊደል የያዘ ሁሉ አይታወርም፤ ይልቁንም በሽታው ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል።

ይህን ባነበብን ጊዜ አንዲት ጐረቤታችን ትዝ አሉን። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በጐልማሳነታቸው፣ አንዱ ከሌላው በኋላ፣ ታወሩባቸው። የሰፈሩ ሰው «የእናትየዋ እርግማን ነው» ይል ነበር። ወንድማቸውም እንደዚሁ ታውሮ መኖሩ ለሐሜቱ ማስረጃ ሆነ። እኛም ትምህርት ቤት ገብተን ፊደል የቈጠርን ሆነን ሳለን፣ በደጃቸው ማለፍ ፈርተን በሌላ መንገድ እንዞር ነበር። የልጆቹ ደዌ ይኸው የሌበር በሽታ ነበር ብለን አንፈርድም፤ ዐይንን የሚያጠፋው ነገር ብዙ ነውና። ነገር ግን እርሱ ቢሆንስ ኖሮ የእኚያ እናት ጥፋት ምን ነበር? እርሳቸውም ከእናታቸው ተቀበሉት፤ እናታቸውም ከእናታቸው። አንዳቸውም መርጠው አልያዙትም፤ መርጠውም አልሰጡትም።

ዕውቀት በሽታውን በስሙ ጠርቶ እርግማን የሚለውን ቃል ሊያስቀር ይችላል። ደግሞም ካልተጠነቀቅንበት «ከእናት ብቻ የሚወረስ» የሚለውን ቃል ለአዲስ ሐሜት መሣሪያ ልናደርገው እንችላለን። ስለዚህ በትምህርት ቤትም ሆነ በሕክምና ቤት ይህን ነገር የሚያስረዳ ሰው፣ ከማስረዳቱ ጋር «በእናት ሆይ፣ አንቺ አልበደልሽም» ማለትን እንዳይዘነጋ እንመኛለን።

እኛ ይህን ለእኚያ ጐረቤታችን ሳንነግራቸው አረፉ። የቀረልን ነገር ቢኖር ለልጆቻችን ትውልድ ስናስቈጥር የእናቶችን ስም ጨምረን ማስቈጠር ነው። እስካሁን የደረስነው ከአራተኛይቱ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ስማቸውን ባናውቀውም፣ ጽሑፋቸውን በየሕዋሳችን ይዘን እንኖራለን።