ቀጠሮ ያለበት ማገዶ

የፋሲካው ቂጣ ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት በእስራኤል ባለችው በአሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈር የሚያልፍ ሰው፣ በሕንፃዎች መካከል ባለ ባዶ መሬት ላይ እንጨት ተከምሮ ያያል። ፍልጥ አይደለም፤ ጭራሮም አይደለም። የቁም ሳጥን በር፣ የአልጋ ርብራብ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ከሱቅ ጓሮ የተጣለ ፓሌት ነው። አሽዶድ የወደብ ከተማ ናትና ፓሌት አይቸግራትም። ልጆች ከሱፐርማርኬት በተዋሱት ጋሪ እየገፉ ያመጡታል፤ ‹‹ተዋሱት›› በሚለው ቃል ላይ ባለሱቁ ላይስማማ ይችላል። ካመጡ በኋላ በአሮጌ ሸራ ይሸፍኑታል፣ ከወዲያኛው ሕንፃ መጥተው እንዳይሰርቁባቸውም ዘብ ያድሩለታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1956 ስትቆረቆር ሰፈሮቿ በዕብራይስጥ ፊደል ተሰይመዋል፤ ሮቫ ዩድም አሥረኛው ሰፈር ማለት ነው። እንዲህ በፕላን በተሠራ ሰፈር ያለ አፓርታማ ምድጃ የለውም። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ተሰቅሏል፤ አገሪቱ ከ1980 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤት ላይ በሕግ ታስገድዳለችና። ግድግዳው ላይ ደግሞ በጋ የሚያቀዘቅዝ፣ ክረምት የሚያሞቅ መዝጋን አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ማገዶ የማን ነው? ለምንስ ነው?

ለማገዶ ክምር የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው፤ ሰው እንጨት የሚያከማቸው ስለሚበርደው ነው ይባላል። መልሱ ያሳምናል፣ ሮቫ ዩድ ላይ ግን አይሠራም። የአሽዶድ ክረምት ሌሊቱን አሥር ዲግሪ አካባቢ የሚያድር የባሕር ዳር ክረምት ነው፤ ለዚህ ብርድ ጋቢ ይበቃል። ልጆቹ እንጨት የሚሰበስቡት ደግሞ ብርዱ ከሄደ በኋላ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። የሚሰበስቡትም ላግ ባዖመር ለሚባለው የደመራ ሌሊት ነው። የበዓሉን መነሻ አንዱ ከራቢ አኪቫ ደቀ መዛሙርት እልቂት መቆም፣ ሌላው ሜሮን ላይ ከተቀበረው ከራቢ ሺሞን ባር ዮሐይ፣ ሦስተኛው ባር ኮኽባ በሮማውያን ላይ ከመራው ዐመፅ ጋር ያያይዘዋል። ስሙ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይጠራም። ‹‹ላግ›› ላሜድና ጊሜል ነው፤ ላሜድ ሠላሳ፣ ጊሜል ሦስት። ከፋሲካ ጀምሮ የሚቆጠረው የዖመር ቆጠራ ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በዓሉ ስም ሳይወጣለት በቀጠሮው ብቻ ይጠራል። የዚህ ወግ ሙግትም ከዚሁ ይነሳል፦ የእንጨት ክምርን የወለደው ብርድ አይደለም፣ ቀጠሮ ነው። ብርድ ሰውን እንጨት ያስነድዳል፤ እንዲከምር የሚያደርገው ግን እንጨት የማይለቀምበት፣ ወይም ድንገት ብዙ የሚፈለግበት ቀን እንደሚመጣ ማወቁ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ የስግድን ሥርዓት ያገኙበት መጽሐፍ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ሕግ የአገር በዓል የሆነው ስግድ፣ በመጽሐፈ ዕዝራና በመጽሐፈ ነህምያ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሕጉን የሰማበትንና ቃል ኪዳኑን ያደሰበትን ታሪክ ይዞ ይጾማል፣ ይሰግዳል። ከዚያ ታሪክ ትንሽ ወረድ ሲል፣ በነህምያ ምዕራፍ 10፣ የቃል ኪዳኑ ዝርዝር ይመጣል፤ ከዝርዝሩ አንዱም ማገዶ ነው። ካህናቱ፣ ሌዋውያኑና ሕዝቡ ለመሠዊያው እንጨት የሚያመጡበትን ተራ በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ በየዓመቱ፣ በተወሰነ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የመጡት የአይሁድ ሊቃውንት ጉዳዩን አጠበቁት። የአቭ ወር አሥራ አምስተኛ ቀን ሲደርስ የፀሐይ ኃይል ስለሚደክምና ከዚያ ወዲያ የተቆረጠ እንጨት በደንብ ስለማይደርቅ፣ ለመሠዊያው መቁረጡ በዚያ ቀን ያበቃል ብለው ጻፉ። በቤተ መቅደሱ ውስጥ የእንጨት ክፍል ነበር፤ አካላዊ ነውር ስላለባቸው መሠዊያ ላይ ማገልገል ያልቻሉ ካህናት እዚያ ተቀምጠው እንጨቱን አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ ነቀዝ የበላውን ይለዩ ነበር። ዛሬ በትርፍ ጊዜው ፍልጡን በዓይነትና በድርቀት የሚደረድር ሰው የዘር ሐረጉን ቢፈልግ ከእነዚህ ካህናት ቢጀምር አይሳሳትም። ደግሞም ያ ሁሉ እንጨት ማንንም ለማሞቅ የተሰበሰበ አልነበረም።

ሌላው ማስረጃ ቅዳሜ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 በሰንበት ቀን እንጨት ሲለቅም ተይዞ የተወገረ ሰው አለ። መጽሐፉ ሰውዬው በርዶት እንደሆነ፣ ወይም ልጆቹ ተርበው እንደሆነ አይጠይቅም፤ ጥፋቱ የቀኑ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 35 ደግሞ በሰንበት በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። የረቢዎቹ ወግ ይህን ሲተረጉም፣ ዓርብ የተለኮሰ እሳት ቅዳሜም እየነደደ ቢውል ግድ የለም አለ። ከረቢዎቹ ወግ ርቀው የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን ቃሉን እንደተጻፈ ያዙት፤ በደምቢያ፣ በወገራም ሆነ በሰሜን ብርዳም ደጋ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር። ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። ይህ ሥርዓት የብርድን መልስ ይፈትነዋል። ማገዶ ለብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሰሜን ተራራ ላይ ያለ ቤት በሳምንቱ አንድ ሌሊት እንጨቱ ደጅ ተቀምጦ እሱ እየተንቀጠቀጠ ባላደረ። ነገሩ የሚገባው በቀጠሮ ሲታይ ነው። ዓርብ የሁለት ቀን ምግብ በአንድ ቀን እሳት መብሰል አለበት፤ ቅዳሜ ማታ ለሚለኮሰው አዲስ እሳትም ደረቅ እንጨት ቀድሞ መገኘት አለበት፤ በመካከሉ ባለው ቀን መልቀም አይቻልም። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብ ክምሩ ከፍ ይላል። ሰንበት ለሰው ዕረፍት ከመስጠቱ በፊት የእንጨት ክምር ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ቀጠሮ የቤተ እስራኤል ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ክረምት ራሱ የሦስት ወር ሰንበት ነው፤ ሰኔ ሲገባ ጫካው ይረጥባል፣ ኩበቱም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ብልህ ቤት በግንቦት እንጨቱን ከጣሪያ ጥግ ያስጠጋል፣ ኩበቱን ከምሮ ይከድናል። መስቀል ሲደርስ በየሰፈሩ ደመራ ይቆማል፤ ቡሄ ሲሆን ልጆች ችቦ ያስራሉ። ሠርግ የሚደግስ ሰው ጠላው ሳይጠነሰስ ገና ግንድ አስወድቆ ያስፈልጣል፤ ተዝካርም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ የወንዶችን ጨዋታ የሚያበላሽ አንድ ነገር ይታያል። የየቀኑን እንጨት የምትለቅመው ሴት ናት፤ እሷ የለቀመችው ደግሞ ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ወንዱ ምሳሩን ይዞ የሚመጣው ድግስ ሲኖር፣ ሰው ሲያይ፣ ግንዱም ለወሬ የሚበቃ ሲሆን ነው። የሱ ፍልጥ ይከመራል፣ ይደነቃል፣ ‹‹የእገሌ ፍልጥ›› ይባላል። የእንጨት ሥራ ቀጠሮ ሲኖረው ክብር ያገኛል፤ ቀጠሮ ሲያጣ ጀርባ የሚያጎብጥ ሸክም ይሆናል። ስለዚህም ማገዶ ማከማቸት ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በሆነበት አገር ሁሉ በትርፍ ጊዜው የሚያከማቸው በብዛት ወንድ ቢሆን አያስገርምም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። ‹‹ይህ ሁሉ ፍልስፍና ጠግቦ ላደረ ነው፤ ሰው እንጨት የሚሰበስበው ስለሌለው ነው፣ መነሻው ድህነት ነው›› የሚል። የእንጦጦ እናቶች ለዚህ ሙግት ጥሩ ምስክር ይመስላሉ፤ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ምስክርነታቸውን በደንብ ለሰማው ግን የሚመሰክሩት ለተቃራኒው ወገን ነው። እነሱ ይሰበስባሉ እንጂ አያከማቹም። ያወረዱት በዚያው ቀን ይሸጣል፣ በዚያው ቀን እንጀራ ይሆናል። ቀጠሯቸው ምሽት ስለሆነ ክምራቸው ከጀርባቸው ከፍ አይልም። ከድህነት የሚወለደው ሸክም ነው፤ ክምር ለመሆን ከዛሬ የተረፈ ነገር ያስፈልገዋል። አገርም ቢሆን እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ በጥቂት ዓመታት ተመንጥሮ፣ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ የቀደሙት ነገሥታት ካምፕም እንጨት ሲያልቅ ይነሣ ነበርና። ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታትም እንደገና ለምሳር ይደርሳል። አንድ ዋና ከተማ ከእንጨት ጋር ቀጠሮ መያዝ ስትችል ድንኳኗን አጥፋ ቤት ሠራች። የዛፉ ዘመዶች በዚያው ዘመን በሐዴራ ረግረግ ተተክለው ነበር፤ ከጎንደር የመጣ ሰው በእስራኤል ሜዳ ላይ የሚያውቀው ዛፍ ቀድሞት ቆሞ አገኘ። ሁለቱም ስደተኞች ናቸው፤ ዛፉ ከአውስትራሊያ ነው።

ታዲያ ችግሩ ሲቀርስ? ኖርዌይ ለዚህ መልስ አላት። ቤቷ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ነዳጅ የምትሸጥ አገር ናት። እዚያ ላርስ ሚቲንግ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2011 እንጨት ስለመቁረጥ፣ ስለመደርደርና ስለማድረቅ ያሳተመው መጽሐፍ በብዛት ተሸጠ። በ2013 የአገሪቱ ቴሌቪዥን ስለ ማገዶ የ12 ሰዓት ስርጭት አቀረበ፤ ከስርጭቱ አብዛኛው አንድ ምድጃ ሲነድድ የሚያሳይ ነበር። ወደ ጣቢያው ከደረሱት ቅሬታዎች ግማሹ ‹‹ለምን ልጡን ወደ ላይ ደረደራችሁት?›› የሚል፣ ግማሹ ደግሞ ‹‹ለምን ወደ ታች?›› የሚል ነበር። ሃይማኖት ሲመሠረት የሚሰማ ክርክር ነው። ከዚህ የምንማረው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚባለውን ነገር ትርጉም ነው፦ ችግሩ ሄዶ ቀጠሮው የቀረ ሥራ ማለት ነው። ዓሣ አጥማጁ መቀመጫ ይዞ የሚሄደው ዓሣ ከገበያ ጠፍቶ አይደለም፤ አዳኙም ቤቱ ሥጋ አጥቶ አይደለም። ኖርዌያዊውም በፀደይ ፈልጦ በጋውን የሚያደርቀው፣ የቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ስለተበላሸ አይደለም። ክረምት የሚባል የቆየ ቀጠሮ ስላለውና ባዶ እጁን ላለመቅረብ ነው። የሮቫ ዩድ ልጅም የኖርዌያዊው ባልንጀራ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ ስለ ልጥ አለመጨነቁ ብቻ ነው፤ የቁም ሳጥን በር ልጥ የለውም።

ሁለት ተቃውሞዎች ቀርተዋል። አንደኛው ከጤና በኩል ነው፤ እውነትም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል ይላል፤ በላግ ባዖመር ሌሊትም የእስራኤል አየር በጢስ እንደሚበላሽ በየዓመቱ ይነገራል። ቀለም የተቀባ በርና ሙጫ የጠጣ ጣውላ መርዝ ነው፤ ቢቀር ይሻላል። ነገር ግን ይህ ክስ የሚነሳው በእሳቱ ላይ ነው፣ በክምሩ ላይ አይደለም። ለሳምንታት የተለፋበት ክምር በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ልጆቹ የሚያወሩት ግን የለፉበትን ሳምንታት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰፈሩ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ይመጣል፦ ‹‹ላግ ባዖመር የእኛ አይደለም፤ በአገራችን አልነበረም። ልጅ እንጨት የሚለቅመው ቤቱን ለማገዝ እንጂ ለጨዋታ አይደለም።›› የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፤ ቤተ እስራኤል ይህን በዓል በኢትዮጵያ አያውቁትም ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ግን መልሱን በሆዱ ይዟል። እናት በጎንደር አምቦበር የተሸከመችው እንጨትና ልጇ በአሽዶድ በጋሪ የሚገፋው እንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ከመካከሉ የወጣው ግዴታው ብቻ ነው። አንድ ትውልድ በጀርባው የተሸከመው ለሚቀጥለው ጨዋታ መሆኑ ውርደት አይደለም፤ ሸክሙ መውረዱን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው።

ደግሞስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ከቀጠሮው መች ወጡ? ዛሬ በሮቫ ዩድ አፓርታማ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት የሚሆነውን ማየት ይበቃል። ጉልቻ የለም፤ ጭራሮ የለም፤ በመቶ ሜትር ዙሪያ ለማገዶ የሚሆን ነገር ቢኖር የልጆቹ ክምር ነው፤ እሱም ዘብ አለበት። ምግቡ ቀድሞ ይሠራል። ረቢዎቹን በተከተለው ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ‹‹ፕላታ›› የሚሉት የኤሌክትሪክ ብረት ምጣድ ይሰካል፤ የአባቶቹን ልማድ በያዘው ቤት ቀዝቃዛው ምግብ ተከድኖ ይቆያል። አንዱ ይሰካዋል፣ አንዱ ይተወዋል፤ ሁለቱም ግን ሰዓቱን እያዩ ነው፣ ሁለቱም ይጣደፋሉ። የአያታቸው ክምር ከደጅ ጠፍቷል፤ ክምሩን ያቆመው ዓርብ ግን አሁንም በየሳምንቱ በሰዓቱ ይመጣል።