ያደርኩበት ጠጠር

ይህን የምነግራችሁ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ የበደልኩትም እናንተን አይደለም።

በአንድ የግንቦት ማብቂያ ከቪየና ወደ ብራቲስላቫ በብስክሌት ስጓዝ፣ በዶናው-አውን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዳኑብ ዳር ካለ ጠጠር ላይ ድንኳን ተከልኩ። ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ዩሮቬሎ 6 የሚባለው መንገድ በጎርፍ መከላከያው አናት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ማስጠንቀቂያውን እዚያ አንብቤዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን የተፈቀደ ማደሪያ መድረስ እስኪያቅተኝ አልደከመኝም።

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ አስቤበታለሁ። በሰው አገር ለመኖሪያው፣ ለሥራው፣ ለቤቱ ፈቃድ ሲጠይቅ የኖረ ሰው አንዲት ሌሊት ማንንም ሳይጠይቅ ቢያድር ምን አለበት እል ነበር። ውሸት አይደለም። ነገሩ ያ ብቻ ቢሆን ግን ድንኳኑን ለፎቶ እንዲያምር ወደ ውሃው ባላዞርኩት ነበር። ነፃነት ፈልጌያለሁ፤ ምናልባት ከነፃነቱም ይበልጥ ነፃ መስሎ መታየቱን።

ሲመሽ አንዲት ወፍ ትጮህ ጀመር፤ አጭር፣ መጨረሻው ዝቅ የሚል ድምፅ። ደስ አለኝ። ከሁሉ ለመናገር የሚከብደኝ ይህ ነው፦ ጩኸቷን እንደ ዜማ እየሰማሁ ተኛሁ። ጠዋት ክንፏን እየጎተተች ፊቴ ስትሄድ አየኋት፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር መስመር ያላት፣ ዓይኗ ዙሪያውን ቢጫ። ተሰብራ መስሎኝ ተከተልኳት። አርቃ ከወሰደችኝ በኋላ ብድግ ብላ በረረች። ተመልሼ ቡና አፈላሁ፤ አልቸኮልኩም።

በኦስትሪያ ዳኑብ በአብዛኛው በኃይል ማመንጫ ግድቦች ታስሯል። እዚህ በነፃነት የሚፈሰው፣ ጠጠሩንም እያመጣ የሚያነጥፈው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ሰዎች በሃይንቡርግ ጫካ ውስጥ በዚያ ብርድ ድንኳን ተክለው ሊሠራ የነበረውን የሌላ ግድብ ግንባታ ስላስቆሙ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይህን ታሪክ አውቀው ነበር፤ ለጓደኞቼም በኩራት አወራው ነበር።

ኦርት የምትባለው ከተማ ስደርስ የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ገባሁ። እዚያ አንድ የወፎች መጽሐፍ ስገልጥ አገኘኋት። እንቁላሎቿን እዚያው ጠጠር መሃል ትጥላለች፤ መልካቸው ከድንጋዩ አይለይም። ክንፏን የምትጎትተው ተሰብራ ሳይሆን፣ የመጣባትን ጠላት ከእንቁላሎቿ ለማራቅ ነው። መጽሐፉን እንደያዝኩ ትዝ ያለኝ እጄ ነው። የድንኳኑን ጠርዝ የሚጫኑትን ድንጋዮች በድንግዝግዝ እየዳበስኩ ነበር የለቀምኳቸው። እንቁላሎቿን ባልነካቸው፣ ባልረግጣቸውም እንኳ፣ እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ተመልሳ ልትታቀፋቸው አትደፍርም ነበር።

ጠረጴዛው ጋ አንዲት ሠራተኛ ተቀምጣ ነበር። ቦታውን በካርታ ላይ ማሳየት እችል ነበር። ቅጣቱን የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የፈራሁት ገንዘቡን አይደለም፣ ሕግ የጣሰው የውጭ አገር ሰው እኔ ሆኜ መገኘቴን ነው። ካርታ ገዝቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ሄዶ ቢያይ ምን ያገኝ እንደነበር አላውቅም። የሚሄድ እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ።